እናቴን ደብረ ሊባኖስ፣ ልጆቼን ዓባይ ሸለቆ፤ በአንድ ቀን ይሆናል?

የአራት ኪሎዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

እናቴ ደብረ ሊባኖስ የቆየ ስለት አለባት። ሁለት ዓመት ሙሉ "ሳልሞት አድርሱኝ" እያለች ትለምነኛለች። 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል እንጂ በሌላው ደህና ናት። ልጆቼ ደግሞ የ9 እና የ12 ዓመት ናቸው። አራት ኪሎ ተወልደው አራት ኪሎ ያደጉ ናቸው። ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን አገር አያውቁትም። ትልቁ በትምህርት ቤት ስለ ዓባይ በረሃ ተምሮ መጣና "እማ፣ እውነት መኪና ወርዶ እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ ራሴ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ስንሄድ፣ ያውም በአውቶቡስ መስኮት፣ እንቅልፍና ንቃት መሀል ሆኜ።

እና ቅዳሜ ወንድሜ መኪናውን ይዞልን ይመጣል (ቪትዝ ናት)። ጠዋት ደብረ ሊባኖስ ደርሰን፣ ከሰዓት ዓባይ ድልድይ ወርደን፣ ማታ ቤታችን ለመግባት አስበናል። ይሆናል? ለእናቴ የሚከብዳት ነገር አለ? የሄዳችሁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የቀበና ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡32

እኔም ይህን ጥያቄ ልጠይቅ ስል ቀደምሽኝ። እከታተላለሁ።

የጎጃም መስመር ሾፌር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ እናትሽን ስላሰብሽ። እኔ በዚህ መስመር ከ20 ዓመት በላይ ነድቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊው።

ሒሳቡን አብረን እንየው። ከፒያሳ በአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ደብረ ጽጌን አልፋችሁ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ፍቼን፣ ገርበ ጉራቻን አልፋችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ከአዲስ አበባ ወደ 185 ኪሎ ሜትር ሆነ። ቁልቁለቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ድልድዩ ድረስ ወርዶ መመለስ ሲጨመርበት፣ ደርሶ መልስ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አምስት ሰው ጭና ለምትሄድ ቪትዝ፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት፣ ለልጆችም ይህ ጉዞ ሽርሽር አይባልም። ድካም ነው።

ቁልቁለቱን ደግሞ ለማያውቀው ሰው አልመኝለትም። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩ ከ1000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ሁሉ የምትወርጂው በጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ እየተጠመዘዝሽ። ከፊትሽ ተሳቢ፣ ከኋላሽ ተሳቢ። ወንድምሽ በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን አይይዝም። አንድ ጊዜ ረዳት ሆኜ ሳለሁ ደርሶብናል። ሽታው ጋቢናውን ሞላው። ሾፌሩ ልምድ ስለነበረው ገደሉን አስደግፎ አቆመው። እኔ ያንን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ የሚወርድ ሰው በከባድ ማርሽ ነው መውረድ ያለበት፤ በወጣበት ማርሽ ይውረድ ነው የሚባለው። ሲወጣ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት እያየ።

ለልጅሽ ግን መልስ አለኝ። አዎ፣ እውነት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለመውጣት መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭነት የያዘ መኪና ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የሰላሌ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ እዚሁ ፒያሳ ነው የምሠራው፤ ትውልዴ ግን ከፍቼ ወጣ ብሎ ነው። አንድ ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ ሸለቆ ለማየት ዓባይ ድረስ መሄድ የለብሽም። ደብረ ሊባኖስ ራሱ ሸለቆ አፍ ላይ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ሜዳ ለሜዳ ይነዳል፤ የጤፍ ማሳ፣ ፈረስ፣ የሣር ክምር እያየ። ድንገት በስተ ቀኝ ምድር ያልቃል። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሜዳው ሄዶ ሄዶ ይቆረጣል። ልጆችሽ ያንን ሲያዩ የሚሆኑትን አሁን ይታየኛል።

ወደ ገዳሙ ከሚገነጠለው መንገድ አጠገብ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አለ። ከመኪና ወርዶ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ነው። ሥሩ ጉር ወንዝ ያልፋል። ውሃው ድልድዩን እንዳለፈ ገደሉን ዘሎ ይወርዳል። አሁን ጥቅምት ስለሆነ ውሃው ገና አልደረቀም። የካቲት ብትሄጂ ጠብታ ነው የምታገኚው። እናትሽ እስከ ድልድዩ ባትወርድ እንኳ፣ አፋፉ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ታየዋለች።

ጭላዳም አለ። መንጋ ሙሉ።

አስጎብኚ ነን ብለው የአካባቢው ልጆች ይመጣሉ። አንዱን ያዙ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ድንጋዩ የት እንደሚያንሸራትት፣ ጭላዳው የት እንደዋለ ያውቃል። የኦሮምኛ ሰላምታም ልስጥሽ፤ ጠዋት "አከም ቡልተን" (እንደምን አደራችሁ) በሉ፣ ስትለያዩ "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) በሉ። ልጆችሽ እንዲህ ካሉ የሰው ፊት ሲበራ ያያሉ።

ቅዳሜ ተጓዥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔ ትንሽ ልቃወም። ፖርቱጋል ድልድይ ቆንጆ ነው፤ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ግን ዓባይ ዓባይ ነው። ልጁ የጠየቀው ስለ ዓባይ ነው። በሃይኪንግ ቡድን ሆነን ከስታዲየም በሌሊት ተነስተን ድልድዩ ድረስ ወርደን በዚያው ቀን ተመልሰናል። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን፣ በኬብል የተወጠረውን አዲሱን ድልድይ ከአሮጌው ጎን ለጎን ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ድልድዩ ላይ ጠባቂዎች ስላሉ ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ ያንን ብቻ እወቁ። እናትሽን ከጠዋት ስለቷን አስደርሰሽ፣ ገዳም ውስጥ አሳርፈሻት፣ እናንተ ጎሐ ጽዮን ጫፍ ደርሳችሁ አይታችሁ ብትመለሱስ? ሳትወርዱ፣ ከላይ ብቻ።

የገዳም ተጓዥ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ወንድሜ፣ እናትን ገዳም አስቀምጦ 85 ኪሎ ሜትር ወዲያ መሄድ እንዴት ይሆናል? ሰው ስለት የሚያደርሰው ከቤተሰቡ ጋር ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

ሌላም አለ። ሁላችንም እያወቅን ዝም ያልነውን ልበለው። በቅርብ ዓመታት በዚህ መስመር፣ በተለይ ከፍቼ ወዲያ፣ የጸጥታ ችግርና እገታ ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ እናውቃለን። አንዳንዱ ሳምንት ሰላም ይሆናል፤ አንዳንዱ አይሆንም። እህቴ፣ ዋዜማውን አርብ ማታ ደውለሽ ጠይቂ። በወሬ አይደለም። በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሾፌር ወይም እዚያ የሚኖር ሰው ይንገርሽ። ደህና አይደለም ከተባልሽ ቅሪ። ስለቱ ይጠብቃል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ልብን ያያሉ። ከሄድሽም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሺ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ግቢ።

አሁን ስለ እናትሽ። እኔ እናቴን በየዓመቱ እወስዳለሁ፤ እሷም ጉልበቷን ያማታል። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መኪና ይገባል፤ ከዋናው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ችግር የለውም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው የጸለዩበት ዋሻና ጸበሉ ግን ዳገት አለው። ሽማግሌ ቀስ እያለ፣ እያረፈ ይወጣዋል። በትር ያዙላት። አትቸኩሉ። አጣዳፊ ሰው አብሮ ካለ እሱን ወደፊት ላኩት።

ነጠላ አትርሱ። በወሩ 24 ቀን ሰው ስለሚበዛ ሽማግሌ ይዞ መግባት ይከብዳል፤ ሌላ ቀን መምረጥሽ ጥሩ ነው። ስንቅ ከቤት ያዙ። ጫንጮ ወይም ሙከ ጡሪ ላይ ቆማችሁ እርጎ ጠጡ፤ የሰላሌ ወተት ስሙ እንዲሁ አልወጣም።

የአራት ኪሎዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

አልቅሼ ነው ያነበብኩት። እናቴን ገዳም አስቀምጬ መሄዱን አላስበውም። ጋሼ፣ የነገሩኝን ለወንድሜ አነበብኩለት። "እሺ፣ ዓባይ ይቅር" አለ ወዲያው።

ልጄ ግን አዘነ። "ታዲያ ዓባይን አናይም?" አለኝ።

ድንጋይ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ ለልጅሽ ይህን ንገሪው። ዓባይን ያያል። ሥራዬ ከድንጋይ ጋር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ይቅርታ።

እንጦጦ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አስቡ። በእኛ በኩል የወረደው ጠብታ ቀበናን ይዞ፣ አቃቂን ይዞ፣ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በጀርባ በኩል፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ ሙገርን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ሜዲትራኒያን። ሁለት ጠብታ፣ አንድ ክንድ ተራርቀው ወድቀው። አዲሱ ገበያን አልፋችሁ ሱሉልታ ላይ ስትወጡ መኪናውን አቁሙና "ከዚህ ጀምሮ ያለው ውሃ ሁሉ የዓባይ ነው" በይው። ፖርቱጋል ድልድይ ሥር የምታዩትም ውሃ ጀማ ወንዝ ገብቶ ዓባይ ይደርሳል። ልጅሽ ቅርንጫፉን ነው የሚያየው።

ገደሉ ላይ ስትቆሙ ደግሞ ከላይ ወደ ታች እንዲያይ አድርጊው። ከላይ ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ ወጥቶ፣ እየተደራረበ የረጋ ነው። ደረጃ ደረጃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ በታች፣ ጥልቅ በሆነው ቦታ፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ። እሱ ውስጥ የባሕር ዛጎል ይገኛል። ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ነበር። ከዚያም በታች ጂፕሰም። ዓባይ ጋ ሁሉም ይታያል፤ ደብረ ሊባኖስ ጋ የላይኞቹን በደንብ ታያላችሁ።

ሙገርና ደርባ ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ድንጋዩን የሚያወጡት ከዚሁ የሸለቆ ቤተሰብ ነው። ልጅሽ የሚኖርበት ሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ያ ባሕር ሊኖር ይችላል። ይህን ለልጆች ስነግር ዓይናቸው ይፈጣል።

የዓባይ በረሃ አስፋልት ለምን ሁልጊዜ እንደሚሰምጥና እንደሚሰነጠቅ የሚጠይቅ ሰው ካለም መልሱ እዚሁ ነው። የክረምት ውሃ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ይገባል። ከታች ያለው ጭቃማ ድንጋይ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ያኔ በላዩ የተጠራቀመው ልቅ አፈርና ናዳ መንገዱን ይዞ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። መንገድ ሠሪው ሲጠግን፣ ተራራው ሲንቀሳቀስ ይኖራሉ።

የጎጃም መስመር ሾፌር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ይሄን ሁሉ ዓመት ያንን ስምጥ አስፋልት ስረግም ኖርኩ። ዛሬ ገባኝ። ተባረክ ልጄ።

ታሪክ አስተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ስለ ድልድዩ አንድ ማስተካከያ ላክል። ስሙ "ፖርቱጋል" ይባል እንጂ ፖርቱጋሎች አልሠሩትም። እነሱ በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ እየተመሩ 400 ያህል ሆነው የመጡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድልድዩ የተሠራው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ አሠሪው የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ናቸው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት። ኖራውን ከሰጎን እንቁላል ጋር ለውሰው ሠሩት ይባላል፤ አስጎብኚው ልጅ ይነግራችኋል። የራሳችን ሰው ያሠራውን ለሌላ መስጠት ያሳዝነኛል። እኔ ለተማሪዎቼ "የራስ ዳርጌ ድልድይ" ብዬ ነው የማስተምረው። እናንተም ለልጆቹ እንዲሁ በሏቸው።

ሁለተኛ ነገር። አራት ኪሎ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት በእግር ይደረሳል። ልጆቹን ቅዳሜ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ውሰጃቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚያው አጠገብ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ያለበት። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተባባሪ ናቸው አለ። በግንቦት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አፅም በዓል ሰሞን፣ ገዳሙን አስከበበ። መነኮሳቱን ለገ ወልዴ ወደሚባለው ቦታ አጉዘው ረሸኗቸው። ጣሊያኖች ራሳቸው የመዘገቡት 297 መነኮሳትን፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናትን ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የተገደለው ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይላሉ።

ያ ሸለቆ ውብ ነው። ግን ሰው በዝምታ ሊያልፈው የሚገባ ቦታም አለው። ልጆች ይህን ቢያውቁ ጉዞው አይበላሽባቸውም።

ወፍ ተመልካች
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ጭላዳ ጥቂት። ዝንጀሮ ብለን እናልፈዋለን እንጂ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም። ሣር በል ነው። ተቀምጦ፣ በጣቱ እየነጨ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ገላጣ ቦታ ታስደንቃለች። ማታ ገደሉ ላይ፣ ነብር በማይደርስበት ጠርዝ ይተኛል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ በጠዋት ድረሱ።

እባካችሁ ብስኩት አትስጡት። ሙዝ አትስጡት። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ፎቶ ለመነሳት ብሎ ዳቦ ሲበትን አየሁ። ሰው ምግብ ይሰጣል ብሎ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ይገባል፤ ገበሬው ደግሞ በወንጭፍ፣ በውሻ ያባርረዋል። ጥፋቱ የኛ፣ ቅጣቱ የሱ ነው።

ቀና ካላችሁ ደግሞ ትልቁን ጢማም አሞራ ልታዩ ትችላላችሁ። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ ቅልጥሙን ይበላል። አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራም አለ፤ እሱም የዚሁ የኛ አገር ወፍ ነው።

ቅዳሜ ተጓዥ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የገዳም ተጓዥ፣ ልክ ነሽ። እኔ ወጣት ከወጣት ጋር ሆኜ የሄድኩትን ነው ያሰብኩት። የአራት ኪሎዋ፣ ጫማ ላይ ብቻ ልምከርሽ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ጓደኛዬ በነጠላ ጫማ ወርዳ ውሃው ዳር አለቱ ላይ አንሸራቷት እጇ ተሰብሯል። ልጆቹን ከፏፏቴው ጠርዝ አርቂ። አጥር የለውም።

የአራት ኪሎዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ደርሰን መጥተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁኛል፤ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

አርብ ማታ ሦስት ሰው ጠየቅኩ። እስከ ደብረ ሊባኖስ ደህና ነው አሉኝ። አርብ ከሰዓት ልጆቹን ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ወስጄ ነበር። በየቀኑ በታክሲ የሚያልፉት ነው። ዙሪያውን ዞረው የተቀረጸውን አንድ በአንድ አዩት። ትንሹ "እነዚህ ሁሉ ሰዎች እውነት ናቸው?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ተነሳን። ሱሉልታ ላይ ቆምን። ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። ለትልቁ "ከዚህ ጀምሮ ውሃው የዓባይ ነው" አልኩት። መንገድ ዳር ያለችውን ቦይ አየና ወደ የት እንደምትፈስ ለማወቅ ወረቀት ቀዶ ጣለባት። ወረቀቷ ወደ ሰሜን ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ጽጌ ድረስ ያየውን ወንዝ ሁሉ "ይሄም የዓባይ ነው?" እያለ ጠየቀን።

መጀመሪያ ገዳሙን አደረስን። እናቴ ስለቷን ሰጠች። ምን እንደነበር ለእኔም አልነገረችኝ፤ አልጠየቅኳትም። ዋሻው ድረስ መውጣት እፈልጋለሁ አለች። ፈራሁ። ግን በትር ይዛ፣ ሰባት ጊዜ እያረፈች ወጣች። የገዳም ተጓዥ፣ ያልሽውን አድርጌ ወንድሜን ወደፊት ላክሁት፤ እሱ ነው አጣዳፊው። እናቴ ስትወርድ ፊቷ ሌላ ነበር። በመንገድ ላይ አንዲት መነኩሲት እጇን ይዘው "እንኳን አደረሰሽ" አሏት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልጅ ያዝን። "አከም ቡልተን" ብለን ጀመርን፤ ልጁ ሳቀና ከዚያ በኋላ ትንሹን በእጁ ይዞ ነው የወረደው። የድልድዩን ድንጋይ በእጃችን ዳሰስነው። የሰጎን እንቁላሉን ነገረን። ትልቁ ልጄ "ራስ ዳርጌ ናቸው ያሠሩት" ብሎ መለሰለት። አስጎብኚው "እኛም ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ፖርቱጋል ካላልን አያውቀውም" አለ። ታሪክ አስተማሪ፣ ይህን እንዲሰሙት ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ውሃው ገና ብዙ ነበር። ጠርዙ ጋ አልተጠጋንም። ከጎን ሆነን አየነው፤ ነጭ ሆኖ ይወርድና ግማሽ መንገድ ላይ ጭስ ይመስላል። ልጆቹ የድንጋዩን ደረጃ ቆጠሩ። በቁጥሩ አልተስማሙም፤ እስከ አሁን እየተከራከሩ ነው።

እናቴ አልወረደችም። አፋፉ ላይ፣ ከመኪና ባወጣናት በርጩማ ተቀመጠች። ስንመለስ ከፊቷ ጭላዳ ሠላሳ ያህል ሣር ይነጫል። ከእሷ እስከነሱ ያለው ከሳሎን ጫፍ እስከ ጫፍ ቢሆን ነው። አንዷ ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትንቀሳቀስ ታያለች። "እማዬ፣ እንሂድ?" አልኳት። "ትንሽ ቆዩ" አለች። ምሳችንን እዚያው ልንበላ ስንል "አይሆንም፣ ይለምኑናል፣ መኪና ውስጥ ብሉ" አለችን። ማን እንደነገራት አላውቅም። አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠች። ቤቷ ውስጥ ሃያ ደቂቃ የማትቀመጥ ሴት ናት።

መመለሻ ላይ ጫንጮ እርጎ ጠጣን። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ሱሉልታ ገባን።

የሰላሌ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

አስጎብኚው ልጅ ለትንሹ እጁን ሰጥቶ ወረደ ስትይ ደስ አለኝ። ገለቶማ እህቴ።

የቀበና ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ዓመት ሕፃን ጋር ነኝ። መኪና የለኝም። እንዴት ልሂድ?

የገዳም ተጓዥ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

በአጥቢያህ ሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ጉዞ ሲያዘጋጅ ጠብቅ፤ አውቶቡሱ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል፣ ስንቅም በጋራ ነው። ከገዳሙ መልስ ድልድዩን ማየት እንደምትፈልጉ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ለአስተባባሪው ንገር። ሳትነግረው ከሄድክ አይቆምልህም። ለሕፃኑ ወፍራም ልብስ ያዝ፤ ጠዋት አፋፉ ላይ ይበርዳል።

የአራት ኪሎዋ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

በርጩማም ያዙ። እናቴ መስከረም ላይ እንደገና እንሂድ ብላለች፤ ውሃው ሲሞላ፣ አደይ ሲያብብ። በርጩማዋን ከመኪናው አላወረደችም።